ሚስቴን ተከትዬ የገባሁበት የዳንስ ክፍል

ያን ቅዳሜ ከእንጅባራ የተሳፈርኩት ሰው ለመደብደብ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የኋላውን ስትሰሙ ከጅምሩ ደግ ሰው እንደነበርኩ እንዳታስቡ ነው። ደግ አልነበርኩም። ክፉ ነበርኩ ለማለትም ይከብደኛል። ዝም ያልኩ ሰው ነበርኩ፤ ዝም ያለ ሰው ደግሞ ምን እንደሚያደርግ ራሱም አያውቀውም።

አንሙት እባላለሁ። እንጅባራ ላይ የቀርከሃ ወንበርና ጠረጴዛ እሠራለሁ። ያኔ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ባለቤቴ ይታይሽ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ናት። ከተጋባን አሥር ዓመት ሆኖን ነበር፤ ከአሥሩ ስምንቱን ልጅ ስንጠብቅ አሳለፍነው። ጸበሉም ሐኪሙም አልቀረንም። እናቴ በአዊኛ እየተሳለች በየአድባራቱ ዞራለች። በመጨረሻ ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ ሌት ተቀን በማያባራበት ሰሞን፣ ይታይሽ ወንድ ልጅ ወለደች። ሦስት ቀን ኖሮ ሞተ።

እኔ ልጁን አላየሁትም። በተወለደ ቀን ሐኪሙ ወጥቶ "ደካማ ነው፤ እንጠብቅ" ሲለኝ ፍርሃት ያዘኝ። ካየሁት እወደዋለሁ፤ ወድጄው ከሞተ ደግሞ አልችለውም ብዬ ፈራሁ። "ጠንከር ሲል አየዋለሁ" እያልኩ ሦስት ቀን ሙሉ ከክፍሉ ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ይታይሽ ሁለት ጊዜ "ግባና እየው" ብላ በነርሷ ላከችብኝ። "እሺ፣ ነገ" አልኩ። በሦስተኛው ቀን ተጠቅልሎ ተሰጠኝ። ከአጎቴ ጋር ሆነን ቀበርነው። ክርስትና ያልተነሳ ልጅ ነውና ፍትሐት አልተደረገለትም፤ ድንኳን አልተጣለም፤ ለቅሶ ደራሽ አልመጣም። ጎረቤቱ በአጥር በኩል "እግዜር ሌላ ይስጣችሁ" እያለ አለፈ። የተጠቀለለበትን ጨርቅ ገለጥ አድርጌ ፊቱን እንኳ አላየሁም።

ይታይሽ ቤት በገባች በሳምንቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ "አንሙት፣ ልጃችን እኮ..." ብላ ጀመረች።

አቋረጥኳት። "ከእንግዲህ በዚህ ቤት የሱ ነገር አይነሳ" አልኳት። ለእሷ ያሰብኩ መስሎኝ ነበር።

"እሺ" አለች። ከዚያ በኋላ እሺታዋን ጠብቃ ኖረች። አሥራ አራት ወር ሙሉ በቤታችን የሚሰማው "ራት ቀርቧል"፣ "በሩን ዝጊው"፣ "ነገ ቀርከሃ ይመጣል" ብቻ ሆነ። በአንድ አልጋ ላይ ጀርባና ጀርባ ተሰጣጥተን እናድራለን። እኔ ይህን ሰላም ነው ብዬ አስቤው ነበር።

ጥቅምት ሲገባ ይታይሽ ተለወጠች። ዳንግላ ያለችው እህቷ ማሬ ታማለችና በየቅዳሜው ልጠይቃት እሄዳለሁ አለችኝ። መልካም አልኩ። ከዳንግላ ስትመለስ ግን ከበሽተኛ ቤት የመጣች ሴት አትመስልም። ፊቷ ወዛ ይላል። አንድ ቀን ከጓሮ ስገባ ማድ ቤት ውስጥ ዕቃ እያጠበች "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ቁም" ትላለች። ስታየኝ አፏን ዘጋች።

"ምን እየቆጠርሽ ነው?" አልኳት።

"ምንም" አለች።

በዚያው ሰሞን ከሥራ ቦታዬ አጠገብ መለዋወጫ የሚሸጠው ጓደኛዬ ውበቱ አንገቱን እያሻሸ መጣ። "አንሙት፣ ቅር እንዳይልህ" አለ። "ቅዳሜ ዳንግላ ዕቃ ላመጣ ሄጄ ይታይሽን አየኋት። ከገበያው ጀርባ ካለው አሮጌ የእህል መጋዘን ከአንድ ጎረምሳ ጋር እየሳቀች ስትወጣ ነው ያየኋት። ዘመድ ይሆናል ብዬ ነው እንጂ..."

እየሳቀች። ከነገረኝ ሁሉ የወጋኝ ይህ ቃል ነው። ይታይሽ ስትስቅ ከሰማሁ አሥራ አራት ወር አልፎኛል።

ወዲያው ማሬ ጋ ደወልኩ።

"ማሬ፣ ሕመሙ ተሻለሽ?"

"የቱ ሕመም? እኔ ደህና ነኝ። ምነው፣ ይታይሽ አሟታል እንዴ? ካየኋት ከወር በላይ ሆነኝ እኮ!"

ኔትወርክ የተቋረጠ አስመስዬ ዘጋሁት።

ከዚያ እስከ ቅዳሜ የነበሩትን ሦስት ቀናት እንዴት እንዳለፍኳቸው እኔና ፈጣሪ እናውቃለን። ቀርከሃ ስሰነጥቅ ሁለት ጊዜ እጄን ቆረጥኩ። ቁጣ ብቻ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ከቁጣው በታች ሌላ ነገር ነበር፤ "ይገባሃል" የሚል ድምፅ። ያን ድምፅ እንዳልሰማው ስል ቁጣዬን አብዝቼ እቀሰቅሰው ነበር።

ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ላይ ይታይሽ አረንጓዴ ሻርፗን አድርጋ ወጣች። ጥቂት ቆይቼ ዱላዬን ይዤ ወጣሁ። እሷ የተሳፈረችበት ሚኒባስ ሲነሳ አየሁ፤ በሚቀጥለው ተሳፈርኩ። ጉሙ እስከ አዲስ ቅዳም አልለቀቀንም። አዲስ ቅዳም ላይ ከሰል በማዳበሪያ እየተጫነ ቆመን ሳለ አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት ትክ ብለው አዩኝ።

"ልጄ፣ ለቅሶ ነው የምትሄደው?" አሉኝ።

"አይደለም አባቴ፤ ለጉዳይ ነው።"

"ፊትህ የለቅሶ ነው" አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ። እስከ ዳንግላ ሌላ ቃል አልተናገርንም።

ባጃጁ ከገበያው ጀርባ አወረደኝ። መጋዘኑን ለማግኘት አልተቸገርኩም፤ ሙዚቃ ይሰማ ነበር። በሩ ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፦ "የጥንድ ዳንስ ስልጠና ለጀማሪዎች"። አነበብኩት፤ ግን አልገባኝም። በጎን በኩል መስታወቱ የተሰበረ መስኮት አገኘሁና አየሁ።

ውስጥ ሰዎች በክብ ቆመዋል። ይታይሽ ወደ እኔ ጎኗን ሰጥታለች። አንድ ቀጭን፣ ረጅም ጎረምሳ ሁለቱንም እጆቿን ይዟል። ሰውየው የሆነ ነገር አላት፤ ይታይሽ አንገቷን ወደ ኋላ ጣል አድርጋ ሳቀች። ጥርሷ ታየኝ። ከዚያ በኋላ ዓይኔ ሌላ ነገር አላየም።

በሩ ላይ ሽማግሌ ዘበኛ ነበሩ። ተነስተው እጃቸውን ዘረጉ።

"ወዴት ነው?"

"ሰው ፈልጌ ነው።"

"ግባ። ዱላው ግን እኔ ጋ ይቆያል። እዚህ ቤት ዱላ ይዞ የሚገባ የለም።"

"አባቴ፣ ይልቀቁኝ።"

"ሹምም ቢመጣ አስቀምጦ ነው የሚገባው" አሉና ዱላዬን ያዙ። እሳቸውን ገፍትሬ ማለፍ እችል ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ክንዴን አንስቼም ነበር። በዚያው ቅጽበት ሙዚቃው ቆመና በሩ ተከፈተ። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ያሰረች፣ ፀጉሯ የሸበተ፣ ቀጠን ያለች ሴት ብቅ አለች። ዘውዴ ትባላለች፤ በወጣትነቷ ኪነት ውስጥ የነበረች ናት፤ ሁሉም እትዬ ዘውዴ ይሏታል።

"ግባ እንጂ፣ በር ላይ አትቁም፤ ብርድ ታስገባብናለህ" አለችኝ። "አዲስ ነህ?"

ዱላዬ በዘበኛው እጅ ቀረ። ገባሁ። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት አሥራ አንድ ሰዎች ሁሉ ዞረው አዩኝ። አብዛኞቹ ፈገግ አሉልኝ። እነሱም በተራቸው በዚያ በር እየፈሩ የገቡ ናቸውና ፍርሃቴን የጀማሪ ፍርሃት አድርገው ነው ያዩት። ይታይሽ የጎረምሳውን እጅ ለቀቀች። ከንፈሯ ነጣ። አልሮጠችም፤ አልለመነችኝም። ቀጥ ብላ አየችኝ፤ ዓይኗ ውስጥ ያለው ድካም ነበር።

"ማንን ፈልገህ ነው?" አለች እትዬ ዘውዴ፣ በሩን እየዘጋች።

እስከ ዛሬ ለምን እንዳልኩት አላውቅም። "ልማር ነው" አልኩ።

"ስምህ?"

"ውበቱ።" የጓደኛዬ ስም አፌ ላይ መጣ። ይታይሽ ዓይኗን ጨፍና ከፈተች።

"ጥሩ፤ ውበቱ መጣልን!" አለች እትዬ ዘውዴ። ቆጠረችን። "ወንድ ሰባት፣ ሴት አምስት። ይበልጣል፣ አንተ ከሴቶቹ ጎን ቁም። ውበቱ ከፊቱ ይቁም። በውስጥ በኩል ያላችሁ አትነቃነቁም። በውጭ ያላችሁ እኔ 'ቀይሩ' ስል ወደ ቀኝ አንድ ሰው ትቀይራላችሁ።"

ይበልጣል ያልኳችሁ ያ ቀጭን ጎረምሳ ነው፤ ዳንግላ ላይ ስልክ ይጠግናል። ልደበድበው አርባ ኪሎሜትር የመጣሁለት ሰው ከፊቴ መጥቶ ሁለት እጆቹን ዘረጋልኝ። ይታይሽ ከእኔ በግራ በኩል ናት፤ በቀኝ ዞሬ እሷ ጋ ለመድረስ ክቡን ሁሉ መጨረስ አለብኝ።

እጁን ያዝኩት። በላብ ርሷል። ሲያልቅ ውጭ ጠብቄ ጥርሱን አረግፈዋለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። ሙዚቃው ጀመረ።

"አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ቁም!" ትላለች እትዬ ዘውዴ። ማድ ቤቴ ውስጥ የሰማሁት ቁጥር መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ።

"አይዞህ" አለኝ ይበልጣል በሹክሹክታ። "እኔም ወር አልፎኝ ገና ቀኝና ግራዬን አላውቅም። ጥር ላይ ሰርጌ ነው። እጮኛዬ ትችላለች፤ ሰው ፊት እንዳላዋርዳት ብዬ ነው የመጣሁ። ይቅርታ፣ ረገጥኩህ።"

ዓይኔን ጫማው ላይ ተከልኩ። እሱ ግን ሲፈራ የሚለፈልፍ ዓይነት ሰው ነው።

"ያቺን አረንጓዴ ሻርፕ ያደረገችውን አየሃት? እሷ ባትኖር ሁለተኛውን ቀን ጥዬ እጠፋ ነበር። ታስቆጥረኛለች፣ ትስቅብኛለች፤ ደግሞ አይከፋህም ስትስቅብህ። እንዲህ ስትስቅ ስታያት የደረሰባትን አትገምትም።"

"ምን ደረሰባት?" ድምፄ የኔ አልመሰለኝም።

"እትዬ ዘውዴ የመጀመሪያ ቀን ሁላችንንም ለምን እንደመጣን ትጠይቀናለች። አንዱ ለሰርግ፣ አንዱ ለጤና ይላል። እሷ ምን አለች መሰለህ? 'ልጅ ሞቶብኛል። ሳይለቀስለት ተቀበረ። ባለቤቴ ደህና ሰው ነው፤ ግን ከዚያ ወዲህ እጄን ይዞኝ አያውቅም። የሰው እጅ ልይዝ ነው የመጣሁ' አለች። እዚህ ቤት ያላለቀሰ አልነበረም።"

እግሬ ቆመ። "ባለቤቴ ደህና ሰው ነው አለች?"

"አዎ። እኔ እንኳ አልመሰለኝም" አለ ይበልጣል እግሩን እያየ። "እንዴት ያለ አባት ነው ስለ ልጁ አንድ ቃል የማይናገር? አለኸኝ ብላ ስም ያወጣችለት እንኳ ብቻዋን ነው። ሦስት ቀን የኖረ ልጅ ቢሆንስ፣ ስም አለው አይደል?"

"ማን አልክ?"

"አለኸኝ። ልጇ፤ አለኸኝ ነው ስሙ።"

በዚያ ክፍል ውስጥ ከነበሩት ሰዎች ሁሉ የልጄን ስም የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ስልክ የሚጠግን የዳንግላ ጎረምሳ ያውቀዋል። ለሰርግ የሚለማመዱት ያውቁታል። በአሥራ አራቱ ወር ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ስም ይኖረዋል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ጉድጓዱን የቆፈርኩት እኔ ነኝ፤ የቀበርኩት ግን ማንን እንደሆነ አላውቅም ነበር።

"ቀይሩ!"

እጁን ለቀቅኩ። የሚቀጥሉትን ሴቶች ፊት አላስታውስም። አንዲት ወፍራም ጡረተኛ ነርስ ብቻ ትዝ ይሉኛል፤ እጄን ጨበጥ አድርገው "እጅህ በረዶ ነው ልጄ፤ ምሳ በልተሃል?" አሉኝ። "በልቻለሁ" አልኩ። አልበላሁም ነበር። "ቀይሩ!" ትላለች እትዬ ዘውዴ፤ አንድ ሰው እሄዳለሁ። "ቀይሩ!" ይታይሽ ትቀርባለች። በመስኮት ሳያት እስክደርስባት የተቻኮልኩ ሰውዬ አሁን ሙዚቃው እንዲቆም፣ መብራት እንዲጠፋ፣ ጣሪያው እንዲፈርስ እለምን ነበር። ልደባደብ መጥቼ ቢሆን የምለው አላጣም። አሁን ግን ምን እላለሁ?

"ቀይሩ!"

ከፊቷ ቆምኩ። ሁለት እጆቿን ዘረጋች፤ እትዬ ዘውዴ እያየችን ነበርና። ያዝኳቸው። የጣቶቿ ጫፍ በጠመኔ ደርቋል። የሚስቴ እጅ እንዲህ መሆኑን ረስቼው ነበር።

"ቆመሃል፤ እግርህን አንሳ" አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ሰው ፊት አታዋርደኝ።"

"ይታይሽ..."

"ስጨርስ እመጣለሁ። ልትመታኝ ከሆነ ቤት ምታኝ። አንድ፣ ሁለት..."

"አለኸኝ ነው ያልሽው?"

እግሯ በአየር ላይ እንዳለ ቀረ። ቀስ ብላ አወረደችው።

"ማን ነገረህ?"

"ይበልጣል።"

ደስ ይላታል ብዬ ይሆን? እንደ ይቅርታ ትቆጥርልኛለች ብዬ ይሆን? አላውቅም። ፊቷ ግን በአሥራ አራት ወር ውስጥ አይቼው የማላውቀውን መልክ ያዘ። ልጁ የሞተ ቀን እንኳ እንዲህ አልሆነችም ብዬ አሰብኩ፤ ወዲያው ደግሞ ያን ቀን ፊቷን እንዳላየሁት ትዝ አለኝ።

"ስጠብቅህ ነበር" አለች። "በየቀኑ። ከሥራ ስትገባ፣ ጫማህን ስታወልቅ፣ 'ዛሬ ይጠይቀኛል፤ ማን ልትይው ነበር ይለኛል' እያልኩ። ላንተ ልነግርህ ያስቀመጥኩት አንድ ነገር እሱ ብቻ ነበር። ሲከብደኝ ለእነሱ ነገርኳቸው። አንተ ግን ከኔ ሳትሰማ ከሰው አፍ ሰማኸው።"

"ይቅር በይኝ።"

"እጄን ልቀቀኝ፣ አንሙት።"

ስሜን ጮክ ብላ ነበር የጠራችው። ይበልጣል ሰምቶ ዞረ። "ቀይሩ!" አለች እትዬ ዘውዴ፤ የተነቃነቀ የለም። ይታይሽ እጇን አስለቅቃ፣ ሻርፗን ፊቷ ላይ ጎትታ ወጣች።

እኔ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አባቴ ሲሞት ያላለቀስኩ ሰው በማላውቃቸው ሰዎች መሀል እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ሙዚቃውን የሆነ ሰው ዘጋው። ይበልጣል እጁን ራሱ ላይ ጭኖ "አንተ ነህ እንዴ? አንተ ነህ?" ይላል። ተነስቼ ወደ በሩ ስል እትዬ ዘውዴ ክንዴን ያዘችኝ።

"ተከትለሃት ነው የመጣኸው አይደል?"

ራሴን ነቀነቅኩ።

"እንግዲያው አሁን አትከተላት። ሄደህ በሯ ላይ ቁም። ከወጣች ትወጣለች፤ ካልወጣች አልወጣችም።"

ማሬ ቤት ሄድኩ። በቆርቆሮው በር ላይ ቆሜ አንኳኳሁ። ማሬ ገርበብ አድርጋ ከፈተች፤ ዓይኗ ቀልቷል።

"አንሙት፣ እባክህ ሂድ። አንተን ማየት አልፈለገችም። ዛሬ እኔ ጋ ታድራለች፤ ነገም እንጃ።"

"ልውሰዳት አላልኩም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቃት።"

"ምን?"

ከማሬ ትከሻ በላይ ወደ ግቢው ተጣራሁ። "ይታይሽ! ምን ይመስል ነበር?"

 ዝናብ ጀመረ። ማሬ በሩን ልትዘጋ አልደፈረችም፤ ክፈቺም አልተባለችም። ለምን ያህል ጊዜ እንደቆምን አላውቅም። በመጨረሻ ከቆርቆሮው ወዲያ የእግር ኮቴ ሰማሁ። ይታይሽ ነበረች፤ ሳትታይ ከበሩ ጀርባ ቆመች።

"ጸጉራም ነበር" አለች። "እስከ ግንባሩ ድረስ።"

ከዚያ ኮቴው ተመለሰ፤ በሩም ተዘጋ።

መኪና በጊዜ ስለሚቋረጥ የመጨረሻውን ሚኒባስ ሮጬ ነው የደረስኩበት። ከዳንግላ እስከ እንጅባራ "ጸጉራም ነበር" እያልኩ ሄድኩ። ልጄ በተቀበረ በአሥራ አራተኛው ወሩ ያን ቀን ተወለደልኝ፤ ያንኑ ቀንም ሞተብኝ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ምን እንደሚሉት እስከ ዛሬ ቃል የለኝም።

ከዚያ የመጣው ጊዜ የባሰ ነበር። ይታይሽ አልተመለሰችም። ከዳንግላ እየተመላለሰች ታስተምራለች፤ እንጅባራ ላይ መንገድ ስንገናኝ አንገቷን ደፍታ ታልፋለች። ሽማግሌ ልላክ ብል አጎቴ ራሱ "ምን ብለን እንለምናት?" አለኝ። ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ስቀመጥ በኔ ትእዛዝ የቆየው ዝምታ ምን ያህል እንደሚያፍን ገባኝ። ለአንድ ሰው በገዛ እጄ ያበጀሁት እስር ቤት ነበር፤ አሁን እስረኛው እኔ ሆንኩ። መኖሬን የጠላሁባቸው ቀናት ነበሩ። ሥራ ፈታሁ። ውበቱ በየጠዋቱ እየመጣ በሩን እያንኳኳ "ከሰው አትለይ" እያለ እየጎተተ ባያወጣኝ ምን እንደምሆን አላውቅም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሼ ወደዚያ ክፍል ሄድኩ። ሌላ የምሄድበት ቦታ አጥቼ ነው። ይታይሽ አልነበረችም። እትዬ ዘውዴ ማንንም እንደምትጠይቀው "ለምን መጣህ?" አለችኝ።

"ስሜ ውበቱ አይደለም" አልኩ። "አንሙት ነኝ። የአለኸኝ አባት ነኝ።"  ይበልጣል መጥቶ ከፊቴ ቆመ፤ አንገቱን ደፍቶ "እኔ ነኝ ያበላሸሁት" አለኝ። "የነገርከኝስ አንተ ብቻ ነህ" አልኩት። ያን ቀንም እግር ለእግር ተረጋገጥን።

ሦስት ቅዳሜ እሷ አልመጣችም። በአራተኛው መጣች። ሰላም አላለችኝም፤ ከሴቶቹ ጎን ገብታ ቆመች። የነቢያት ጾም ገብቶ ስለነበር እትዬ ዘውዴ ሙዚቃውን ትታ በጭብጨባ ብቻ ነበር የምታስቆጥረን። ተራው ደርሶ ፊት ለፊት ስንገናኝ እጄን ሰጠኋት። ያዘችው። ስለ ምንም አልጠየቅኳትም።

ልትለየኝ ስትል ራሷ "ሲያዛጋ ድምፅ ያወጣ ነበር" አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው እንዲሁ ሆነ። ከእሷ ጋር የሚደርሰኝ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ነው፤ በዚያች ጊዜ አንድ ነገር ትነግረኛለች። አንድ ቀን የጣቱን ርዝመት። አንድ ቀን አጥብቆ የያዘውን የነጠላዋን ጫፍ። አንድ ቀን ደግሞ "ሁለተኛው ቀን ላይ ድምፅህን ከውጭ ሲሰማ አንገቱን ያዞረ መሰለኝ፤ ለእኔ ብቻ መስሎኝም ይሆናል" አለችኝና ሁለታችንም መቁጠር አቃተን። ሌሎቹ አልፈውን ዞሩ። "ቀይሩ" ያለን ሰው አልነበረም።

ጥር ላይ ይበልጣል አገባ። ሰርጉ ላይ ይታይሽ ከማሬ ጋር፣ እኔ ከውበቱ ጋር፣ ለየብቻ ተቀመጥን። በሳምንቱ ልብሷን በሻንጣ ይዛ ቤት መጣች። ደፍ ላይ ቆማ "በዚህ ቤት ስሙ ይጠራል" አለች። "ይጠራል" አልኩ። ሌላ ውል አልተዋዋልንም። በማግስቱ የቀበርኩበትን ቦታ አሳየኋት፤ እሷም አላየችውም ነበርና። እዚያ ቆማ እንደ እናቶቻችን አለቀሰችለት፤ ሙሾ አወረደችለት። እኔም ተቀበልኳት። መንገደኛ ቆሞ አየን። ይየን ብለን ተውነው።

አንባቢዎቼ፣ ነገሩ እዚህ ላይ ያማረ መስሏችሁ እንዳትሄዱ። ሌላ ልጅ አልወለድንም፤ እንወልድ እንደሆነም አላውቅም። ያን የሦስት ቀን አግዳሚ ማንም አይመልስልኝም። "ግባና እየው" ተብዬ ያልገባሁ ሰው ነኝ፤ ይህን ይዤ እሞታለሁ። ዝምታው አሁንም ተመልሶ የሚመጣባቸው ቀናት አሉ። ያኔ አንዳችን መጀመር አለብን፤ ብዙውን ጊዜ የምትጀምረው እሷ ናት፤ በዚህም አፍራለሁ።

ነገር ግን ልክ እንደ እኔ ዱላ ይዞ መንገድ የጀመረ አንድ ሰው ይህን ቢያነብ አንድ ነገር ልለው እፈልጋለሁ። ወንድሜ፣ ሚስትህ ወዴት እንደምትሄድ ከመከተልህ በፊት ከምን እንደምትሸሽ ጠይቃት። ምናልባት ቤትህ ውስጥ ሊነገርህ የሚጠባበቅ ነገር አለ፤ አንተ "አይነሳ" ስላልክ ብቻ የተቀመጠ። ሐዘን አይነሳ ስላሉት አይቀርም፤ ሌላ ደጃፍ ሄዶ ያለቅሳል። ጠይቃት። መልሱ ያስለቅስህ ይሆናል። እኔን አስለቅሶኛል። ግን ያን ጊዜ ሁለታችንም ያለቀስነው አንድ ቦታ ቆመን ነበር።